እትዬ፣ ዘይቱን ይቀንሱልኝ፦ ጅማ ላይ ከውጭ እየገዙ እየበሉ ክብደት መቀነስ

የምውለው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ። ምሳዬን ከውጭ ነው የምገዛው። ማታም ሲደክመኝ እራቴን በፌስታል ይዤ ነው የምገባው። ጅማ ውስጥ እንደኔ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛው አለ፣ ባጃጅ ሲነዳ የሚውለው አለ፣ ለብቻው ቤት ተከራይቶ የሚኖረው አለ።

ክብደት መቀነስ ሲነሳ ሁላችንም የምንሰማው ምክር አንድ ነው፤ "ቤትሽ አብስለሽ ብዪ"። ጊዜ ላለው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ገብቶ ሽንኩርት መክተፍ ላቃተው ሰው ግን አይሠራም። ያ ሰው ምን ያድርግ? ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። እኔ ራሴ 81 ኪሎ ስደርስ ደነገጥኩ፤ የእሷን ሕመም በቅርብ ስላየሁ ነው። በ8 ወር ውስጥ 9 ኪሎ ቀነስኩ። ከውጭ መግዛቴን አልተውኩም። የለወጥኩት አስተዛዘዜን ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። "በርገር ያወፍራል፣ ሽሮ አያወፍርም" እየተባለ ብዙ ሰው ተሳስቷል። የምግቡን ስም ተዉት። ካሎሪው የሚከማቸው ዘይቱ ላይ፣ ማዮኔዙ ላይና አብሮ የሚጠጣው ላይ ነው። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ በሦስት እንጀራ ከምትበሉ፣ ያለ ቺብስና ያለ ለስላሳ የተበላ በርገር ይሻላችኋል። እነዚህን ሦስቱን ለመያዝ ነው የሚቀጥለው ሁሉ።

1. መጀመሪያ አንድ ቀን ቤታችሁ ለኩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ዘይት፣ ስኳርና ሁለት ሳህን አቅርቡ።

በሾርባ ማንኪያ አንድ ዘይት ሳህኑ ላይ አፍስሱ። የፈሰሰው ወደ 120 ካሎሪ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፣ 1 ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይት ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ሚዛን ላይ ግን ይገኛል። የኑግም ይሁን የሱፍ፣ የሚረጋውም የፓልም ዘይት ይሁን፣ ካሎሪው ያው ነው። የሚረጋው ለልብ ጥሩ አይደለም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። "የኔ ዘይት የሱፍ ስለሆነ አያወፍርም" የሚል ሰው ግን ራሱን እያታለለ ነው።

አሁን ስኳሩን። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል፤ 16 ካሎሪ ገደማ። በሁለተኛው ሳህን ላይ 8 ማንኪያ ቁጠሩ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ወደዚያ ይጠጋል። ይህን ያደረግኩት ታናሽ ወንድሜ ፊት ነበር። በቀን ሁለት ለስላሳ የሚጠጣ ልጅ ነው። የስኳሩን ቁልል ዝም ብሎ አየው። በጣቱ ነካ አደረገውና "ይሄን በማንኪያ ብላ ብትይኝ እበላዋለሁ?" አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ላይ ውሃ ነው የሚያዝዘው። እኔ ስንት ወር ስመክረው ያልሰማኝን ሳህኗ ነገረችው።

ማዮኔዙን የለካሁት ሌላ ቀን ነው። ቺብስ የሚጠብሰው ልጅ ፕላስቲክ ጠርሙሱን ገልብጦ ወዲያ ወዲህ ጭቅ ጭቅ ያደርግበታል። እጁ ፈጣን ነው፤ አይን አይከተለውም። አንድ ቀን "ወንድሜ፣ እንደምታደርግልኝ አድርግና ለብቻው በላስቲክ ቋጥርልኝ" አልኩት። ቤት ወስጄ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት። 3 ማንኪያ ሞላ። አንዱ ማንኪያ ማዮኔዝ ወደ 95 ካሎሪ ነው። 3ቱ 285። ሰላጣ ቅጠል ላይ እንደሚነጠብ ነገር እያየሁት ለዓመታት በልቼዋለሁ። ካቻፕ ግን በአንድ ማንኪያ 20 ካሎሪ እንኳን በቅጡ አይሞላም። ዘይት ያልገባበት ዳጣ ወይም ሚጥሚጣ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም።

እነዚህን ሦስቱን አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁ፣ የማንኛውንም ምግብ ቤት ዝርዝር ስታነቡ እጃችሁ ራሱ ይቆጥራል።

2. ሳይርባችሁ ወስኑ

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጸሐይ ሲወጣ አምኖ ዣንጥላ የማይዝ ሰው ይበሰብሳል። 10 ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም አንድ በረንዳ ሥር እንጠጋለን። እዚያው በረንዳ ሥር ሳምቡሳ ይጠበሳል። ብርድ አለ፣ ረሃብ አለ፣ ሽታው አለ። በዚያች ሰዓት ማንም ሰው ካሎሪ አይቆጥርም። እኔም አልቆጥርም።

ስለዚህ ውሳኔው ከዚያ በፊት ይሁን። ጠዋት ቤት ስትቆልፉ "ዛሬ ምሳ ምንድን ነው? የምገዛውስ ከየት ነው?" ብላችሁ ጨርሱት። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ አንድ ነገር ቅመሱ። አንድ ቅቅል እንቁላል 78 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ሆድም ይይዛል። አንድ ሙዝ ይበቃል። በወቅቱ ከሆነ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ጥሩ ነው፤ ዘይት የለውም፣ ለመብላትም ጊዜ ይወስዳል። የገብስ ቆሎ ጭብጥ ሙሉ ይሁን። ለውዝ የበዛበት ቆሎ ላይ ግን ተጠንቀቁ። 100 ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ አለው፣ እያወሩ ሲበሉት ደግሞ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም።

3. የምትገዙበትን ቦታ እወቁት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

*እርጥብና ቺብስ።* ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ፈረንጅ አራዳ ድረስ ወጣቱ የሚበላው ይህን ነው። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ቆሞ ይበላል። ችግሩ ድንቹ አይደለም። 100 ግራም ቅቅል ድንች 87 ካሎሪ አካባቢ ነው። ያው ድንች ተከትፎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው ይተንና ዘይት ይተካበታል። 100 ግራም ቺብስ ወደ 310 ካሎሪ ይደርሳል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

እስቲ አንድ ምሳ እንደምር። 100 ግራም የሚሆን ዳቦ፣ 265። 150 ግራም ቺብስ፣ 465። 3 ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 285። አንድ ለስላሳ፣ 130 ገደማ። ድምሩ 1145 ካሎሪ። የብዙ ሴቶች የቀን ፍላጎት ወደ 2000፣ የብዙ ወንዶች ወደ 2500 እንደሆነ አስቡ። ቆመን በ10 ደቂቃ የቀኑን ግማሽ በላን ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ዳቦ ውሰዱ። ቺብሱን በ150 ግራም ቅቅል ድንች ተኩት፣ 130። አንድ ቅቅል እንቁላል ጨምሩ፣ 78። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዳጣ። ውሃ። ድምሩ 475 አካባቢ ነው። 670 ካሎሪ ቀነሳችሁ፣ ሆዳችሁ ግን ሞልቷል። ቅቅል ድንች በዳጣ የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ አንዷን ደንበኛ አድርጉ። ባይኖሩ እንኳን "ቺብሱን ግማሽ አድርግልኝ፣ ቲማቲሙን አብዛልኝ፣ ማዮኔዝ አልፈልግም" ማለት ይቻላል። ከዋጋው ስለማይቀንስ ሻጩ አይከፋውም።

*ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ።* ስለነዚህ ብዙ አልልም። ዘይት የጠጣ ሊጥ ናቸው። ካማራችሁ አንድ ብሉ፤ ሁለት አትግዙ። የወረቀቱን ነገር ግን ልብ በሉ። ሳምቡሳውን የጠቀለሉላችሁ የደብተር ወረቀት በስተጀርባው ጣታችሁን እስኪያሳይ ድረስ ከራሰ፣ ዘይቱ በደንብ ሳይግል ነው ሊጡ የገባው። እንዲህ ያለ ሊጥ ዘይት ይመጥጣል። ሌላ ጊዜ ከዚያ ቤት አትግዙ። የምስር ሳምቡሳ ውስጡ ጥሩ ምግብ ነው፤ የሚያከብደው ቅርፊቱ ነው።

*በርገር ቤት።* "ስፔሻል" የሚለውን ቃል ስታዩ እለፉት። ስፔሻል ማለት በአብዛኛው እንቁላል፣ ፎርማጆ፣ ሞርታዴላና ተጨማሪ ማዮኔዝ በአንድ ዳቦ ውስጥ ማለት ነው። ኖርማሉን እዘዙ። አጠገቡ የሚመጣው ቺብስ በሰላጣ እንዲቀየር ጠይቁ። "አንቀይርም" ካሉ ቺብሱን አብሮ ለመጣ ሰው አሳልፉ፤ ጠረጴዛው ላይ ከቆየ ትበሉታላችሁ። የተጠበሰ ዶሮ ከሆነ ቆዳውን ግፈፉት። ዶሮ አሮስቶ ካለ ሊጥ ተለብጦ ዘይት ውስጥ ከተነከረው ዶሮ በብዙ ይሻላል።

*ፒዛ።* ብቻችሁን አትዘዙ። ፒዛ የሁለትና የሦስት ሰው ምግብ ነው። የአትክልት ፒዛ፣ ፎርማጆው ቀለል ያለ፣ ሊጡ ስስ። ሁለት ቁራሽና አንድ ትልቅ ሰላጣ ጥሩ እራት ይወጣቸዋል። ቤት ይዛችሁ ከገባችሁ ሁለቱን ቁራሽ ሳህን ላይ አውጡና ካርቶኑን ዝጉ።

*የአበሻ ምግብ ቤት።* ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምርጫው ሰፊ ነው። ግን "የአበሻ ምግብ ነው" ብሎ መዘናጋት አለ። በያይነቱን ውሰዱ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ። ከዚህ የተሻለ የምሳ ሳህን ማግኘት ይከብዳል። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ። አንደኛ፣ የወጡ ጫፍ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ከዚያ ጎን አትጥቀሱ፤ በማንኪያ ወጡን ከመሀል አውጡ። ሁለተኛ፣ ተጠቅልሎ የሚመጣው ጭማሪ እንጀራ። አጠገባችሁ ካለ እጅ ይሄዳል። ሲቀርብ ወዲያው "ይሄን መልሺልኝ እህቴ" በሉ። ቴክአዌይ ሲሆን ደግሞ "አንድ እንጀራ ብቻ" ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሳይጠየቁ ሦስት ይጨምራሉ።

ፍርፍር የዋህ ይመስላል። ድስት ውስጥ የነበረውን ዘይትና ቅቤ ሁሉ የሚመጥጠው ግን እንጀራው ነው። ክትፎና ጨጨብሳ የቅቤ ምግብ ናቸው፤ ለበዓልና ለደስታ ቀን ይሁኑ። ቅቅል ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሥጋው አለ፣ መረቁ አለ፣ ድንችና ካሮት አለ፤ የተጨመረ ዘይት የለም። ጮማውን ገሸሽ አድርጋችሁ ብሉ። ለዝናባማ ቀን ደግሞ እንደሱ የሚሆን የለም።

ከግልገል ጊቤ ግድብ ዓሳ ሲመጣ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ዘይት ውስጥ ተጥሎ ደርቆ ከሚወጣው ዓሳ ይልቅ ጉላሹን እዘዙ። ቲማቲምና ሽንኩርት ይበዛዋል፣ ዓሳው ራሱ ቅባቱ ትንሽ ነው።

*ቁርስ።* ፉል ባቄላው ጥሩ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ እስከ ምሳ ያደርሳል። የላዩን ቅቤና ዘይት "ይቅርብኝ" በሉ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ አስጨምሩ፣ አንድ ዳቦ ይብቃችሁ። ፈጢራ በማርና በእንቁላል ሲመጣ ደስ ይላል፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል።

*ጁስ ቤት።* ጅማ ላይ ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው። አቮካዶ እንደልብ የሚገኝበት አገር ነን። 100 ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ አካባቢ አለው። ቅባቱ ጥሩ ቅባት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ የአንድ ትልቅ አቮካዶ ያህል ይገባል፤ ስኳር ይታከልበታል፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ይፈስበታል። ይህ መጠጥ አይደለም፤ ምግብ ነው። ከምሳ በኋላ "ጤናማ ነገር ልጠጣ" ብሎ ስፕሪስ የሚያዝዝ ሰው ሁለተኛ ምሳ እየበላ ነው። ጁስ ካማራችሁ ምሳውን ለጁሱ ልቀቁለት፤ ያለ ስኳር አሠሩትና በማንኪያ ብሉት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ዳቦ ላይ ቀብቶ መብላት ነው። ማዮኔዙንም ዘይቱንም ይተካል።

4. የምትሉትን ቀድማችሁ ተናገሩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል። ምግቡ ቀርቦ ዘይቱ ሲንሳፈፍ እያየ ዝም ብሎ ይበላል። ከተሠራ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ድስቱ ሳይጣድ ነው መናገር።

ምሳ የምገዛቸው እትዬ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው። መጀመሪያ ቀን "እትዬ፣ ዘይቱን ይቀንሱልኝ" ስላቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ወጤ ከፋሽ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። እኛ አገር ዘይት መቆጠብ የስስት ነው የሚመስለው፤ ቀይ ወጥ ዘይቱ ላዩ ላይ ካልወጣ "አልበሰለም" ይባላል። ስለ እናቴ ስኳር ነገርኳቸው። እኔም እንደሷ እንዳልሆን እንደምፈራ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "የኔም እህት አለባት" አሉ። አሁን የኔን ሽሮ በትንሿ ድስት ለብቻው ነው የሚጥዱት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ እያቁላሉ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ጠብ ያደርጋሉ። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ከዚያ ድስት መብላት ጀምረዋል።

ስለዚህ ምክንያታችሁን ንገሯቸው። ሰው ሲነገረው ይረዳል። ሰዓቱንም ምረጡ፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥ ቤቱ ሲጨናነቅ የተለየ ነገር አታዝዙ። 5 ሰዓት ላይ ደውሉ ወይም ሰው ላኩ።

የሚጠቅሙ አነጋገሮች እነዚህ ናቸው፦ "ቅቤ አይግባበት።" "ማዮኔዙን ለብቻው ቋጥርልኝ።" "በቺብሱ ፋንታ ሰላጣ አድርጊልኝ፣ ሰላጣው ላይም ዘይት አይፍሰስ፣ ሎሚ ብቻ።" "ፓስታውን በአትክልት፣ ዘይቱ ትንሽ።" ቡና ስታዝዙ ደግሞ በኦሮምኛ "ሱካራ መሌ" ካላችሁ፣ ያለ ስኳር ማለት ነው፣ የትም ቡና ቤት ይገባቸዋል።

አብሯችሁ የሚበላ ሰው "በሞቴ" ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ጉርሻውን ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ማንንም አላወፈረም። "በሞቴ አንድ እንጀራ ይጨመር" ሲል ግን በትሕትና እምቢ በሉ።

5. ቡናና ለስላሳ

ቡና ጅማ ላይ ተው አይባልም። መባልም የለበትም፤ ያለ ስኳር የተጠጣ ቡና ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ነው። በአንድ ስኒ 3 ማንኪያ የምታደርጉ ከሆነና በቀን 3 ስኒ ከጠጣችሁ፣ 9 ማንኪያ ነው። 144 ካሎሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ስኳር ከቀን ምግብ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፣ ወደ 5 በመቶ ከወረደ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። 5 በመቶው በቀን 25 ግራም ገደማ ነው፤ 6 የሻይ ማንኪያ። ቡናው ብቻውን አለፈው።

እኔ በአንዴ አላቆምኩም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ በ6 ሳምንት ከ3 ወደ ባዶ ወረድኩ። አራተኛው ሳምንት ላይ ቡናው ራሱ ምን ምን እንደሚል መለየት ጀመርኩ። በማር መተካት መፍትሔ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው።

ከምግብ ጋር ውሃ ጠጡ። ጋዝ ያለው ነገር ለለመደ ሰው አምቦ ውሃ አለ፤ ካሎሪ የለውም፣ ሎሚ ጨምቁበት። ማልትም ስኳር አለው፣ አልኮል ስለሌለው ብቻ ቀላል አይደለም። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ አጠገቡ ጥብስ ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው።

6. ቤት ከገባችሁ በኋላ

ከፌስታሉ ላይ አትብሉ። የምትበሉትን ሳህን ላይ አውጡ፣ የተረፈውን ከመጀመራችሁ በፊት ክደኑና ከአጠገባችሁ አርቁ። ጥጋብ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ቆመንና ተጣድፈን ስንበላ ሆዳችን ሳይነግረን እንጨርሳለን።

ከሐሙስ ገበያ የሳምንቱን ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ሎሚ እገዛለሁ። ማብሰል ለማይችል ሰው ይህ ብቻ ይበቃል። የገዛሁትን ምግብ ግማሹን ሳህን ላይ አደርግና ሌላውን ግማሽ በሰላጣ እሞላዋለሁ። ከ5 ደቂቃ አያልፍም። ጥሬ ሰላጣ ከመንገድ ከመግዛት ቤት በደንብ አጥቦ መሥራት በሌላም በኩል ይጠቅማል፤ ታይፎይድና አሜባ የያዘው ሰው ይነግራችኋል።

ትኩስ ወጥም በቀጥታ ፌስታል ውስጥ አታስገቡ። ክዳን ያላት ዕቃ ቦርሳችሁ ውስጥ ትኑር። እኔ ሁለት አለኝ፤ አንዷ ለወጥ፣ አንዷ ለሰላጣ። የዕቃዋ መጠን ራሱ ልክ ይሆናችኋል፤ ከሞላች በቃ።

7. በጾምና በረመዳን

"ጾም ላይ ነኝ፣ እከሳለሁ" የሚሉ ወዳጆቼ ሁዳዴ ሲያልቅ ጨምረው ይገኛሉ። ምክንያቱ ዘይት ነው። ቅቤው ሲቀር ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። የጾም ፒዛ፣ የጾም ፍርፍር፣ ቺብስ፣ ፓስቲ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ። ሥጋና ወተት የለባቸውም፤ ካሎሪያቸው ግን አለ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ላይ አተኩሩ፤ ንፍሮ የሚሸጡ ካሉ ንፍሮ ግዙ።

በረመዳን ደግሞ ጅማ ማታ ማታ ሌላ ከተማ ትሆናለች። መንገዱ ሁሉ ሳምቡሳ ነው። ጎረቤቶቼ ሲያፈጥሩ ጠርተውኝ ብዙ ጊዜ አብሬ በልቻለሁ። የታዘብኩት ይህን ነው፤ በተምርና በውሃ ጀምሮ፣ ሾርባ ጠጥቶ፣ ሰግዶ ተመልሶ የሚበላ ሰው ሁለት ሳምቡሳ ይበቃዋል። በሳምቡሳና በጣፋጭ ጁስ የሚጀምር ሰው ግን እስኪያቅተው ይበላል። ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ ብዙ ያደርጋል።

8. ተመዘኑ

ሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት አንዱ ጋ እመዘናለሁ። ሁልጊዜ እሱ ጋ ነው፤ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ቢሳሳት እንኳን ስሕተቱ አይለወጥም። ልጁ ኪሎዬን በቃሉ ይዞታል። በየቀኑ አትመዘኑ። ጨው የበዛበት እራት ብቻውን በማግስቱ ውሃ ያስይዝና ያስደነግጣችኋል።

በቀን 500 ካሎሪ ያህል የቀነሰ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢቀንስ ነው፤ እየቆየ ደግሞ ይዘገያል። በወር 10 ኪሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ።

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶች ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በተለይ ኢንሱሊን እየወሰዱ ምግብ ብቻ መቀነስ ስኳር በድንገት እንዲወርድ ያደርጋል። እናቴ ላይ አይቼዋለሁ፤ ላብ በላብ ሆና እጇ ሲንቀጠቀጥ። ይህን በራሳችሁ አትሞክሩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ካለ ምግቡን ሁሉ አትገለባብጡ። ሦስት ቀን የምትጠጡትን ብቻ ጻፉ፤ ስኳር ያለው ሻይ፣ ማኪያቶ፣ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ሁሉንም። እዚያ ካልተገኘ እንጀራውንና ዳቦውን ቁጠሩ። እዚያም ካልተገኘ ወጥ ቤቷ ጋ ገብታችሁ ዘይቱ በምን እንደሚለካ ተመልከቱ። ብዙ ቦታ በማንኪያ አይደለም፤ በቀጥታ ከጄሪካኑ ነው የሚንቆረቆረው። ማንኪያ ገዝታችሁ ስጧቸው። እኔ ለእትዬ የሰጠኋቸው ማንኪያ እስከ ዛሬ ዘይቱ አጠገብ ተሰቅሏል።